ደረቅ ብዬ የጻፍኩት ጉድጓድ

ሜትሬ ውሃ ሲነካ ይጮኻል። እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር ቁጥር የተጻፈበት፣ ግን መቶ ሜትር የሚሆን፣ በመጠቅለያ ላይ የተጠመጠመ ጥብጣብ ነው። ጫፉ ላይ ጣት የምታክል ብረት አለች። ወደ ጉድጓድ እለቀዋለሁ፤ ብረቷ ውሃ የነካች ጊዜ እላይ እጄ ላይ ያለው መጠቅለያ ጢጥ ይላል። ቁጥሩን አንብቤ እጽፋለሁ። ሥራዬ ባጭሩ ይኸው ነው። እናቴ “ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ድረስ እየተመላለስሽ የተማርሽው ገመድ ለመልቀቅ ነው?” ትለኛለች። እኔም “አዎ” እላታለሁ፤ ምክንያቱም እውነት ነው፣ ደግሞም እወደዋለሁ።

ያደግኩት ወልቂጤ ነው። አባቴ ከሰሜን ለመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ጉራጊኛ እሰማለሁ፤ ስናገር ግን ሰው ይስቅብኛል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አልሞክርም። ከአባቴ የወረስኩት ሌላ ነገር ካለ ግትርነት ነው። አንድ ቁጥር ልክ ካልመጣልኝ እህል አይወርድልኝም። ባልደረቦቼ “የነጥብ እመቤት” ይሉኛል፤ ከነጥብ በኋላ ስላለች አንዲት ሴንቲ ሜትር ከሾፌር ጋር ሳይቀር ተጣልቻለሁና።

ያኔ የተቀጠርኩበት ጥናት ከቡታጅራ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ ነበር። እዚያ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል አለ ተብሎ ሊቆፈር ነው። ቁፋሮው ሳይጀመር በአካባቢው ያለውን ምንጭ፣ ጅረትና የጉድጓድ ውሃ ሁሉ እየዞርን እንመዘግባለን። ለምን ቢባል፣ ከሰል ሲወጣ የማዕድኑ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ውሃ በፓምፕ እየተሳበ ስለሚወጣ በዙሪያው ያለው የገበሬ ጉድጓድ ሊጎድል ይችላል። ኋላ አንድ ሰው “ውሃዬ ደረቀብኝ” ብሎ ሲመጣ የእኛ መዝገብ ይገለጣል። መዝገቡ ውሃ ነበረው ካለ ሌላ ጉድጓድ ይቆፈርለታል። መዝገቡ ድሮም ደረቅ ነበር ካለ ግን ሰውየው ቢጮኽም የሚሰማው የለም። አለቃዬ ይህንን የነገረኝ መጀመሪያ ቀን ነው፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእስክሪብቶ ስጽፍ እጠነቀቅ ነበር።

እጠነቀቅ ነበር ስል የምሬን ነው፤ ግን ከጥንቃቄው ይልቅ የሚያሮጠኝ ጉጉቴ ነበር። ከአንድ ኮረብታ ሥር የሚወጡ ሁለት ምንጮች፣ በመካከላቸው ሃምሳ እርምጃ እንኳ ሳይኖር፣ አንዱ ለብ ያለ ሌላው እጅ የሚያደነዝዝ ይሆናል። ለምን? ጅረት የምንለካው ደግሞ ብርቱካን ጥለን ነው፤ ብርቱካኑ ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ድንጋይ ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት እንይዛለን። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ብርቱካን እየጣልኩ ስሮጥ አይተው አንድ ቀን ሙሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። አንዷማ ከታች ጠብቃ ብርቱካኔን ላጠችብኝ። ሌላ መግዛት ነበረብኝ።

የአንድ ገበሬ፣ የሐጂን፣ ጉድጓድ የለካሁት አረፋ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። በዚያ ዓመት አረፋ የዋለው ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ አፋፍ ላይ ሳለ ነበር። ጉድጓድ ከዓመት እስከ ዓመት ዝቅ የሚለው ያን ጊዜ በመሆኑ አለቃዬ በስልክ “ዝናቡ ሳይቀድምሽ የበጋውን ልኬት ጨርሺ” እያለ ይወተውተኛል። ከወልቂጤ ተነስቼ ቡታጅራ ለመድረስ ስንት ሚኒባስ እንዳለፈኝ አልነግራችሁም። ከአዲስ አበባ ለበዓል የገባው ሰው ገና አልተመለሰም፤ ከተማው በሰውና በመኪና ታምቋል። በባጃጅ ስሄድ መንገዱን ሁሉ ተነጫነጭኩ።

ሐጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። በርበሬና ጫት ያመርታሉ። ጉድጓዱን በወጣትነታቸው ከወንድማቸው ጋር በዶማ የቆፈሩት ራሳቸው ናቸው። የበርበሬ ችግኛቸውን የሚያጠጡት፣ ከብቶቻቸው የሚጠጡት፣ ጎረቤትም ቦኖው በተቋረጠ ቁጥር የሚቀዳው ከዚያው ነው። ግቢያቸው ገብቼ ሰላምታ ስንለዋወጥ ቤቱ አዲስ ተለስኖ ገና አልደረቀም። ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት መኪናዎች ቆመዋል፤ አንዷ አሁን ታጥባ ውሃዋ ይንጠባጠባል። አጥሩ ላይ የተሰጣው ልብስ ብዛት ለአንድ ቀበሌ የሚበቃ ነው። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ጭቃው ጫማዬን ስለያዘው ተበሳጭቼ በድንጋይ እስከ መፋቅ ደርሻለሁ።

ሜትሬን ለቀቅኩት። ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። አልጮኸም። ሳወጣው ብረቷ ጭቃ ለብሳለች። ጠርጌ ደገምኩት፤ ያው ነው። ታች ያለው የረጠበ ጭቃ ብቻ ነበር።

“ሐጂ፣ ይሄ ጉድጓድ በበጋ ይደርቃል?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“አላህ ካልሰጠ የማይደርቅ ምን አለ፣ የኔ ልጅ?”

“ማለቴ በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል ወይ?”

ደብተሬን አየት አደረጉና ዓይናቸውን ወደ ችግኙ መለሱ። “ትንሽ ትንሽ እንቀዳለን። አልሐምዱሊላህ።”

እኔም “ደረቅ” ብዬ ጻፍኩ። የባለቤቱ ቃል በሚለው ቦታ ደግሞ “በበጋ ይደርቃል” አልኩ። ሁለት ጊዜ ለክቼ፣ ባለቤቱንም ጠይቄ፣ አሟልቼ እንደጻፍኩ ተሰምቶኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐጂ ምግብ ሳትቀምሺ አልለቅሽም ብለው ቆጮና ሥጋ አቀረቡልኝ፤ ቆሜ በልቼ ወጣሁ።

ነገሩ የተገለበጠው ሐምሌ ውስጥ ነው። ከሐጂ ቤት የአሥር ደቂቃ መንገድ በሆነ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የእጅ ፓምፕ ያለው ጉድጓድ አለ። እዚያ ውስጥ ውሃው ከፍና ዝቅ ማለቱን በየሰዓቱ የምትመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አንጠልጥለን ነበር። እሷን አውጥቼ ወልቂጤ ቤቴ ወስጄ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኳት። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መስመሩ ግንቦትን ሙሉ ተጋድሞ ይመጣና ወሩ ሊያልቅ ሲል እንደ ደረጃ ቁልቁል ይወርዳል። ስድስት ሰባት ቀን እዚያው ታች ይቆያል። ከዚያ ተመልሶ ይወጣና ድሮ የነበረበት ላይ ይተኛል።

ለአለቃዬ ደወልኩ።

“ምናልባት ዝናብ ዘንቦ ነው ውሃው የተመለሰው” አለኝ።

“ዝናቡ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መዝግቤዋለሁ።”

“እንግዲያው መሣሪያው ታሞ ይሆናል። ያንን ሳምንት ቆርጠሽ አውጪው።”

ቆርጦ ማውጣት ለእኔ የሚሆን ነገር አይደለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ያንን ደረጃ ስፈታ ሰነበትኩ። መጀመሪያ አንድ ሰው በስውር ጄኔሬተር ተክሎ በርበሬ አጠጥቷል ብዬ ጠረጠርኩ፤ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ በስልክ ጠየቅኳቸው፣ ጄኔሬተር የሚባል ነገር አልተሰማም አሉኝ። ቀጥሎ መሬት ተንቀጥቅጦ ይሆናል አልኩ፤ አገሩ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ስለሆነ ነገሩ ያጓጓኛል። የሰማ ሰው የለም። የአየር ግፊት ነው ብዬ ደግሞ ስሌት ሠራሁ፤ ስሌቱ አንድ ጣት እንኳ አላወረደልኝም። ሌሊት ሳይቀር ሲያቃዠኝ እናቴ “ይቺ ልጅ ታማለች” ትል ጀመር።

መጨረሻ ላይ ቁጭ ብዬ ደረጃው የጀመረበትን ቀን፣ ታች የደረሰበትን ቀን፣ መመለስ የጀመረበትን ቀን በወረቀት ጻፍኩና የቀኑን ስም ለማየት ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ሄድኩ። ደረጃው የጀመረው ከአረፋ ሦስት ቀን በፊት ነው። መውጣት የጀመረው ከአረፋ አራት ቀን በኋላ ነው።

ካላንደሩ ፊት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ጉራጌ ዞን ውስጥ ተወልጄ ያደግኩ ሰው እንዴት ይህ ይሰወረኛል? ለአረፋ ከአዲስ አበባ ያልመጣ ሰው የለም። ቤት ይለሰናል፣ ወለል ይታሻል፣ ዓመት ሙሉ ያልታጠበ ይታጠባል። ሴቶች የራሳቸውን አረፋ ከወንዶቹ ቀድመው ያከብራሉ፤ በማግስቱ በሬ ይታረዳል። ለአሥር ሰው የሚቀዳው ውሃ ለሃምሳ ይቀዳል። እኔ ግን የመኪና ወንበር አጣሁ ብዬ ያማረርኩበትን ሕዝብ ከውሃው ጋር ሳላገናኘው፣ መኪና የታጠበበት ጭቃ ላይ ቆሜ ጉድጓዱ ደረቅ ነው ብዬ ጻፍኩ። አፈርኩ። የሐጂ ጉድጓድ ደርቆ ሳይሆን ደክሞት ነበር ያገኘሁት።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጥቂት ሳቀና ወዲያው ኮስተር አለ። “ክረምት ገብቷል። አሁን ብትለኪው የክረምት ውሃ ነው የምታገኚው፤ እስከሚቀጥለው ግንቦት ደግሞ መዝገቡ አይጠብቅም። የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ደግሞ የሐጂ ጉድጓድ አይደለም። በጥቅምት የሕዝብ ውይይት አለ። ባለቤቱ እዚያ ተነስተው ጉድጓዴ አይደርቅም ይበሉና በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ያንን ካገኘሁ አስተካክላለሁ።”

ቀላል መስሎኝ በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ስህተቴን ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ደረቅ ብዬ እንደጻፍኩ፣ ይህ እንዳለ ከቀረ ነገ ከሰሉ ሲቆፈር ውሃቸው ቢጠፋ የሚከራከሩበት ወረቀት እንደማይኖራቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተነሡና ከጉድጓዱ አፍ ላይ ያለውን ገመድ አመጡልኝ። የባልዲው ገመድ ነው፤ ከእጅ ብዛት ጠቁሮ ለስልሷል።

“እይው” አሉኝ፤ “የተቀጠለበት ቦታ አለ?”

ከዳር እስከ ዳር በእጄ አሳለፍኩት። አንድም ቋጠሮ የለውም።

“ውሃ ሲሸሽ ሰው ገመድ ይቀጥላል። ጎረቤቶቼ ቀጥለዋል። እኔ ቀጥዬ አላውቅም።”

ይህን ያህል ደስ ያለኝ ማስረጃ አላስታውስም። ገመዱን አስዘርግቼ ለካሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ጻፍኩት። ከዚያ “እንግዲህ በስብሰባው ላይ ይህንኑ ይናገሩልኛል” ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ።

“ገመዱን አንቺ አሳዪያቸው። እኔ አልናገርም።”

“ለምን፣ ሐጂ?”

“የኔ ልጅ፣ ስንት ከብት አለህ ሲሉኝ ቁጥር ተናግሬ አላውቅም። ስንት ልጅ አለህ ሲሉኝም እንደዛው ነው። ሰው መሐል ቆሜ የኔ ውሃ አያልቅም ልበል? ይሄ ጥሩ አይደለም። ዓይንም አለ፣ ደብተርም አለ። ደብተር ይዞ የመጣ ሰው ያለህን ከጻፈ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።”

“እኔ ተመልሼ የመጣሁት ላስተካክልልዎት ነው።”

“አውቃለሁ። ብቻሽን ብትሆኚ ችግር አልነበረም።”

ሁለት ሰዓት ያህል ለመንኳቸው፤ ጠጪ ያሉኝን ጠጣሁ፣ ብዪ ያሉኝን በላሁ፣ አንድ ቃል አላገኘሁም። ስወጣ ብቻ “ኢንሻአላህ፣ እመጣለሁ” አሉኝ። እናገራለሁ አላሉም።

ስብሰባው ያ የእጅ ፓምፕ ያለበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ አለቃዬ፣ ቁፋሮውን የሚያካሂደው ድርጅት የላከው አንድ ትሑት ወጣት ኢንጂነር፣ ከዚያ በተማሪ ዴስክ ላይ ተጣበው የተቀመጡ ገበሬዎች። ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። ሐጂ መስኮቱ ጥግ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። አለቃዬ ዝርዝሩን እያነበበ ከሐጂ ጉድጓድ ላይ ሲደርስ “ደረቅ” አለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። የሰውየውን ጉዳይ ሰውየው ካልተናገረ ማን ይናገርለታል?

ተነሣሁ። “እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የለካሁት በአረፋ ሳምንት ነው” አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከኋላ አንዲት ሴት “በአረፋ ሳምንት ዝዋይን ብትለኪውስ ምን ይተርፈው ነበር?” አለች። ሳቁ ጨመረ፣ እኔም ከነሐፍረቴ ሳቅሁ። ከዚያ መስመሩንና ገመዱን በፎቶ አሳየኋቸው። ሊቀመንበሩ ግን ወደ መስኮቱ ጥግ ዞሮ “እሷ ነገረችን። ባለቤቱስ ምን ይላሉ?” አለ።

የሐጂ ሙስበሃ እጃቸው ላይ ቆመ። ሲነሡ ዴስኩን ተደግፈው ነው። ማንንም አላዩም።

“መጀመሪያ ማሻአላህ በሉልኝ” አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ማሻአላህ አለ። እኔም አብሬ አልኩ።

“ጉድጓዴ ከተቆፈረ ጀምሮ ደርቆ አያውቅም። በጋም ክረምትም ይቀዳበታል። የተጠማ ሁሉ ይቀዳበታል። ይጻፍ።” ይህን ብለው ወዲያው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ አይደለም፤ ሰው ፊት ልብሳቸውን እንደተገፈፉ ያህል አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ጸሐፊው ጻፈ፣ አለቃዬ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን በደስታ መቀመጥ አቃተኝ። መዝገቡ ተስተካከለ። ከሰሉ ቢቆፈርም ሐጂ ከእንግዲህ የሚይዙት ወረቀት አላቸው።

ደስታዬ የቆየው በሩ ድረስ ነው። ውጭ ከሐጂ ጋር ቆመን፣ ሴቶቹም ወደ ቤት ለመሄድ እየተጠራሩ ሳለ ወጣቱ ኢንጂነር ማስታወሻውን ይዞ ወደኔ መጣ።

“ለካምፓችን ውሃ ከቡታጅራ በቦቴ ልናመላልስ ነበር” አለኝ። “እንዲህ ያለ ጉድጓድ እዚሁ ካለ ብንከራየው ይሻለናል። በቀን ስንት በርሜል ይወጣዋል?”

ሐጂ ሰምተዋል። እኔን አላዩኝም፤ ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ለስንት ወር ያሳደድኩት እውነት በአንድ ጊዜ አፌ ውስጥ መረረኝ። እኔ ከመዝገቡ ውጭ ሌላ ሰው እንደሚሰማ አላሰብኩም፤ እሳቸው ግን ሙሉ ዕድሜያቸውን ያንን እያሰቡ ነው የኖሩት።

“አልለካሁትም” አልኩት። ይህ እውነት ነው፤ የለካሁት የውሃውን ከፍታ እንጂ የሚሰጠውን መጠን አይደለም።

“ችግር የለም” አለ በትሕትና፤ “ሰኞ ፓምፕ ይዘን መጥተን እንለካዋለን። ሐጂ፣ ይፈቅዱልናል?”

“እንግዳ አይከለከልም” አሉ ሐጂ። “ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትመጡት?”

“ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት።”

“ሦስት ሰዓት” ብለው ደገሙ፤ እንዳይረሳቸው የሚይዙት ይመስል። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው በጉራጊኛ ረጋ ብለው ተናገሩ። የገባኝ ግማሹ ብቻ ነው፤ እሑድ፣ ልብስ፣ ቤት፣ ከብቱ፣ ቅዱ፣ ሁላችሁም። ሴቶቹ ሳቃቸውን ሊደብቁ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ያቺ ስለ ዝዋይ የጠየቀችው ሴት ወደኔ አየት አድርጋ ዓይኗን መለሰች።

ወጣቱ ጉራጊኛ አይሰማም። ማስታወሻው ላይ ሰዓቱን ጽፎ ሲጨርስ “አንቺም ሰኞ ብትገኚልን ጥሩ ነበር” አለኝ፤ “መቼ መለካት እንዳለበት የምታውቂው አንቺ ነሽ።”

ሐጂ አሁን አዩኝ።

“ሰኞ ወልቂጤ ሥራ አለኝ” አልኩት። ምንም ሥራ አልነበረኝም።